የአፓርታማችሁን ኢንሹራንስ ከማደሳችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ክረምት ሰሚት ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ ደንበኛችን ቤታቸው እሳት ተነሣ። ምጣዱ የተሰካው በዲቫይደር ነበር። ዲቫይደሩ ግሎ ተቀጣጠለ፣ እሳቱ መጋረጃ ያዘ፣ ከወጥ ቤት ሳሎን ገባ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደንበኛችን አረቦናቸውን፣ ማለትም የመድን ክፍያቸውን፣ አንድም ዓመት ሳያዛንፉ የከፈሉ ሰው ናቸው። ካሳው ሲመጣ ግን የጉዳታቸውን ሲሶ እንኳ አልሞላም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በ2014 የቤት ዕቃቸውን ሲያስመዘግቡ የተጻፈው 400,000 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ እኛ የመድን ደላሎቻቸው በየዓመቱ እንደውልላቸዋለን፣ "እንደ አምናው ይሁን" ይሉናል፣ እናድሳለን። ጉዳት ገማቹ መጥቶ ሲያይ ቤት ውስጥ የነበረው ዕቃ በጠቅላላ በዛሬ ዋጋ 1,200,000 ብር እንደሚያወጣ ጻፈ። የተቃጠለው የ540,000 ብር ዕቃ ነው። የተመዘገበው የትክክለኛው ዋጋ ሲሶ ስለሆነ ካሳውም ሲሶ ሆነ፦ 180,000 ብር። ከዚያ ላይ ደግሞ በውሉ መሠረት ባለቤቱ የሚሸከመው ድርሻ ተቀነሰ።

የመድን ድርጅቱ የሠራው ስሕተት የለም። ዕቃው ከተመዘገበበት በላይ የሚያወጣ ከሆነ ለልዩነቱ ባለቤቱ ራሱ መድን ሰጪ ሆኖ ይቆጠራል። በንግድ ሕጋችንም በፖሊሲውም፣ ማለትም በመድን ውሉ፣ ላይ ያለ ነገር ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው። ስናድስ "ዛሬ ስንት ያወጣል?" ብለን መጠየቅ ነበረብን። አልጠየቅንም። ለእኚህ ደንበኛ ይቅርታ ጠይቀናል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁም ሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም ነው።

በ2014 የተጻፈ ቁጥር ዛሬ ለምን እንደማይሠራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ባንክ ውስጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 አለፈ። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሴራሚኩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሁሉ አብሮ ወጣ። ፖሊሲያችሁ ላይ ያለው ቁጥር ግን እኛ ካልነካነው ባለበት ነው የሚቀመጠው።

ስለዚህ አንድ ቀን ማታ ቁጭ በሉና ክፍል በክፍል ጻፉ። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤት። የገዛችሁበትን ዋጋ ተዉትና ዛሬ ሱቅ ሄዳችሁ ብትገዙት ስንት እንደሚሆን ጻፉ። ልብስና ጫማ አትርሱ። ሰው ሁሌ የሚረሳው እሱን ነው፣ ሲደመር ግን ብዙ ብር ነው። ከዚያ በስልካችሁ ቤቱን እየዞራችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ቁም ሣጥኑንም ከፍታችሁ። ቪዲዮውን በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት። ስልኩ አብሮ ቢቃጠል እንኳ ቪዲዮው ይተርፋል። ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ግን ለየብቻ ገደብ አላቸው። ወርቅ ካለ ለብቻው ንገሩን።

የቤቱ ዋጋ ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ቤቱ የሚሸጥበትን ዋጋ ትነግሩናላችሁ። የሚሸጥበት ዋጋ ውስጥ አካባቢው አለ፣ መንገዱ አለ፣ ገበያው አለ። እሳት እነዚህን አያቃጥልም። ለመድን የሚያስፈልገው መልሶ ለመሥራትና ለመጠገን የሚያስወጣው ነው። እሱ ውስጥ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ያስገባችሁት ፊኒሺንግ መግባት አለበት። ኮንዶሚኒየም ሲደርሳችሁ በሩን ቀይራችኋል፣ ሴራሚክ አንጥፋችኋል፣ ኪችን ካቢኔት አሠርታችኋል። ይህ ካልተመዘገበ አይቆጠርም።

ቤቱን በባንክ ብድር የገዛችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ባንኩ "ኢንሹራንስ ግቡ" ብሎ ያስገባችሁ ፖሊሲ ግድግዳውን ነው የሚሸፍነው፣ ካሳውም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባንኩ ነው። ሶፋችሁ እዚያ ውስጥ የለም። "ቤቴ ኢንሹራንስ አለው" ብለው የተረጋጉ፣ ዕቃቸው ግን ባዶ ሜዳ ላይ ያለ ብዙ ሰዎች አግኝተናል። ተከራዮችም እንዲሁ። አከራያችሁ ኢንሹራንስ ቢኖረውም የእናንተን ዕቃ አይመለከትም፣ የራሳችሁን መግባት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ውሃ እንምጣ። ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ከእሳት ይልቅ በተደጋጋሚ የምናየው ጉዳት ውሃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቀን ከፍተን "የለም" ብለን ቧንቧውን ሳንዘጋ እንሄዳለን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ይመጣል። ጠዋት የታችኛው ጎረቤት ጂፕሰም ወርዶ፣ ምንጣፉ ርሶ ያገኘዋል። ተራው የእሳት ፖሊሲ ይህን አይሸፍንም። የቧንቧ ፍንዳታና የውሃ መፍሰስ የሚባለው ተጨማሪ ሽፋን መግባት አለበት። እሱ የሚሸፍነው የእናንተን ቤት ነው። በጎረቤት ላይ ላደረሳችሁት ጉዳት ደግሞ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት የሚባለው ሽፋን ያስፈልጋል። ጭማሪው ብዙ አይደለም። ከጎረቤት ጋር ዓመት ሙሉ ከመኳረፍ ያድናል። እኛ ብንጠየቅ ለአፓርታማ ነዋሪ ከስርቆት ሽፋን በፊት ይህን እናስገባለን፣ በተለይ ጥበቃ ያለው ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚቃጠል ፍሪጅም ጥያቄ ያስነሣል። የተለመደው የእሳት ፖሊሲ በኃይል መዋዠቅ ራሱ የተቃጠለውን ዕቃ አይከፍልም። እሳቱ ከፍሪጁ ወጥቶ ሌላ ነገር ካቃጠለ፣ ያን ሌላውን ይከፍላል። ጥሩ ስታቢላይዘር እዚህ ላይ ከፖሊሲ ይሻላል።

የስርቆት ሽፋን ለምትገቡ፦ አብዛኛው ውል ሌባው ሰብሮ የገባበት ምልክት እንዲኖር ይጠይቃል። በቁልፍ ተከፍቶ የተወሰደ፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው የወሰደው ብዙ ጊዜ አይሸፈንም። ቤቱ ለረጅም ጊዜ ባዶ ከሆነም፣ ብዙ ውሎች ላይ ከ30 ተከታታይ ቀን በላይ፣ ሽፋኑ ሊቋረጥ ይችላል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆናችሁ ቤታችሁ እዚህ ተዘግቶ ያለ ደንበኞቻችን፣ እባካችሁ ቤቱ ባዶ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩን። ቤቱን በቀን ለእንግዳ የምታከራዩም፣ ቤት ውስጥ ልብስ የምትሰፉም እንዲሁ። የተደበቀ ነገር ውሉን እስከ ማፍረስ ያደርሳል።

የመሬት መንቀጥቀጡንም አልረሳነውም። በ2017 ከፈንታሌና ከአዋሽ አካባቢ የተነሣው ንዝረት አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ሲሰማ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ተጨማሪ ሽፋን ነው። ፖሊሲያችሁ ላይ በስሙ ካልተጻፈ እንደሌለ ቁጠሩት። ደግሞም የእናንተ ፖሊሲ ብቻውን አይበቃም። ጣሪያው፣ ደረጃው፣ ዓምዱ የጋራ ነው። የጋራ ሕንፃውን ማኅበር "ብሎካችን ኢንሹራንስ አለው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ኮሚቴው ከፈለገ ስብሰባው ላይ መጥተን ያለ ክፍያ እናስረዳለን።

ጉዳት ከደረሰ እሳት ከሆነ መጀመሪያ 939 ደውሉ፣ ቀጥሎ እኛ ጋ። የተቃጠለውን ዕቃ ገማቹ ሳያየው አትጣሉ። ሕጉ ጉዳቱን ባወቃችሁ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ድርጅቱ እንድታሳውቁ ይላል፣ ስለዚህ "ነገ" አትበሉ። ስርቆት ከሆነ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር በግልጽ እንንገራችሁ። እኛ ኮሚሽን የምናገኘው ከመድን ድርጅቱ ነው፣ የአረቦኑ መጠን ሲያድግ የእኛም ያድጋል። ስለዚህ "ጨምሩ" ስንላችሁ ብትጠራጠሩ አይገርመንም። ዝርዝሩን ራሳችሁ እንድትጽፉ የምንለምነውም ለዚህ ነው። ካላችሁ ዕቃ ዋጋ በላይ አታስመዝግቡ፣ ካሳ ከጉዳቱ በላይ አይከፈልም፣ ትርፉ አረቦን ባዶ ወጪ ነው። ሌላ ድርጅት የተሻለ ዋጋ ከሰጣችሁም ውሉን አምጡልን፣ አብረን እናንብበው። ርካሹ ውል ላይ ብዙ ጊዜ ከካሳው የሚቀነሰው የባለቤቱ ድርሻ ትልቅ ነው።

ፖሊሲያችሁ የሚያልቅበት ቀን ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት እንደውላለን። ከእንግዲህ "እንደ አምናው" ብላችሁ ብትመልሱም ዝርዝሩን እንጠይቃለን። በወረቀት ጽፋችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ብትልኩም ይበቃል። መጻፍ ለሚከብዳቸው እናትና አባቶች አንዱ ባልደረባችን ቤት ድረስ መጥቶ ይጽፋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድን ደላላ ቢሯችሁ ባልደረቦች
አዲስ አበባ