ቤት በቀየርን ቁጥር ልጆቻችን ምን ያጣሉ?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ወላጆች «ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበትን ሰፈር» አስቀድመን መርጠን እንድንገባ የሚመክረውን፣ ባለፈው ወር እትማችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው ለልጆቻችን አስበው እንደጻፉ አልጠራጠርም። ምክራቸው ግን ድረ ገጾች ለየትምህርት ቤቱ ከ1 እስከ 10 በሚሰጡት ነጥብ ላይ ብቻ የቆመ ነው። ያንን ነጥብ እየተከተሉ በየዓመቱ ዕቃቸውን የሚጭኑ ቤተሰቦችን በቅርብ ስለማውቅ፣ የጎደለውን ልጨምርበት ወደድኩ። አገር ቤት ሳለሁ አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበር፤ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጆቼን አሳድጌአለሁ፤ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የሌሎችን ልጆች አስነብባለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነጥቡ የሚለካው ምን እንደሆነ እንወቅ። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ባዘዘው መሠረት ጄምስ ኮልማን የመሩት ትልቅ ጥናት በ1966 ታተመ። ብዙዎች የጠበቁት የጥቁሮችና የነጮች ልጆች የውጤት ልዩነት ከሕንፃ፣ ከመጽሐፍና ከበጀት ማነስ የመጣ ሆኖ እንዲገኝ ነበር፤ የተገኘው ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የልጁ የቤተሰብ ኑሮና አብረውት የሚማሩት ልጆች ሁኔታ ከውጤቱ ጋር የጠበቀ ግንኙነት እንዳላቸው ነው። በቅርብ ዓመታት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ሾን ሪርደን የመላ አገሪቱን የፈተና ውጤት ሰብስበው ሲመረምሩም፣ የአንድ ወረዳ አማካይ ውጤት የነዋሪውን ገቢ አጥብቆ ይከተላል፤ ልጆቹ ከዓመት ዓመት የሚጨምሩት ዕውቀት ግን ከገቢው ጋር ያለው ዝምድና የላላ ነው። የቺካጎ ልጆች ሦስተኛ ክፍል ላይ ውጤታቸው ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ እስከ ስምንተኛ ክፍል ባሉት አምስት ዓመታት የስድስት ዓመት ያህል ትምህርት መቅሰማቸው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ 4 የተሰጠው ትምህርት ቤት በርትቶ የሚያስተምር፣ 9 የተሰጠውም ቤታቸው የሞላላቸውን ልጆች ተቀብሎ የሚያሳልፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከነጥቡ ይህን መለየት አይቻልም።

ትምህርት ቤቱ የሠራውን ቤቱ ከሠራው ለመለየት የሞከረው ጥናት ከእኛ ብዙም በማትርቀው በባልቲሞር የተካሄደ ነው። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ካርል አሌክሳንደር፣ ዶሪስ ኤንትዊስልና ባልደረቦቻቸው በ1982 በ20 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍል የገቡ 790 ያህል ልጆችን ይዘው እስከ ጉልምስናቸው ተከታተሉ። ልጆቹ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ትምህርት ሲከፈትና ሲዘጋ ይፈተኑ ስለነበር፣ በትምህርት ወራት የተገኘው ለብቻ፣ በዕረፍት ወራት የተገኘው ወይም የጠፋው ለብቻ ተለይቶ ታየ። ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ጊዜ የደኸየው ቤተሰብ ልጅ ከባለጸጋው ልጅ እኩል ተራምዷል፤ ልዩነቱ የሰፋው በሩ ሲዘጋ ነው። በ2007 ባወጡት ጽሑፍ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ በንባብ ከታየው ልዩነት ሁለት ሦስተኛው ገደማ በአንደኛ ደረጃ የክረምት ዕረፍቶች የተከማቸ መሆኑን አሳዩ። ወራቱ የሚያቃጥሉ ቢሆኑም፣ በእኛ ልማድ ትምህርት የሚዘጋበትን ጊዜ ክረምት እላለሁ። አጥኚዎቹ ነገሩን በቧንቧ መስለውታል፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ለሁሉም ይፈስሳል፤ ሲዘጋ ግን ሀብት ያለው ቤት ሌላ ምንጭ ይኖረዋል፤ የሌለው ይደርቃል።

ድርቀቱ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። እናት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለሥራ ትወጣለች። አባት ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ አድሮ ቀን ይተኛል። ቤታቸው አንዲት ጠባብ መስኮት ያለችው ቤዝመንት ናት፤ ልጁም አባቱን እንዳይቀሰቅስ የስልኩን ድምፅ አጥፍቶ እስኪመሽ ስክሪን ላይ ያፈጣል። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ወላጆቹም አልለገሙም። በእነዚያ አሥር ሳምንታት ግን ከስልኩ በቀር የሚያናግረው የለም፤ አማርኛውም እንግሊዝኛውም ባለበት ይቆማል።

ስለ ባልቲሞሩ ጥናት ክርክር መነሣቱንም መደበቅ አይገባም። ፖል ቮን ሂፐልና ሌሎች በ2019 ባወጡት ሥራ፣ የድሮዎቹ ፈተናዎች ነጥብ አሰጣጥ ልዩነቱን አጋንኖ ሊያሳይ እንደሚችል፣ በአዳዲሶቹ ፈተናዎች ሲታይም አብዛኛው ልዩነት ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ የተፈጠረ መሆኑን አስረድተዋል። እኔ ይህን ስመዝነው፣ ቤት ያለውን ድርሻ ከፍ ያደርገዋል እንጂ ዝቅ አያደርገውም። በክረምት የልጆች ሁሉ ትምህርት እንደሚቀዘቅዝ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም። በፍሎሪዳ ድህነት በበዛባቸው ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ራሳቸው የመረጧቸው 12 መጻሕፍት በየክረምቱ ለሦስት ዓመት ሲሰጧቸው፣ ካልተሰጣቸው ልጆች የተሻለ የንባብ ውጤት አግኝተዋል። ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም ቦስተንን፣ ዳላስንና ፒትስበርግን ጨምሮ በአምስት የትምህርት ወረዳዎች ነፃ የክረምት ትምህርትን ሲያጠና ደግሞ፣ የተጠቀሙት በተለይ 20 ቀንና ከዚያ በላይ የተገኙት ልጆች መሆናቸው ታይቷል። አስመዝግቦ ግማሹን ማስቀረት ብዙ እንደማይጠቅም ወገኖቼ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ለዘመድ ሠርግና ለአገር ቤት ጉዞ ብለን የምናቋርጠው በዚሁ ጊዜ ነውና።

አሁን ወደ ቤት ጉዳይ ልመለስ። ከማስነብባቸው ልጆች አንዱ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ትምህርት ቤት ቀይሯል። ወላጆቹ የድረ ገጹን ነጥብ አይተው ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ተሻገሩ፤ ኪራዩ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ተመልሰው ከዘመድ ተዳበሉ። ልጁ ክፍልፋይን የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሊጀምሩት ሲሉ ወጣ፤ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ አልፈውታል፤ ሦስተኛው ጋ ከመካከሉ ደረሰ። ሁለት አምስተኛና አንድ ሦስተኛ ጽፌ የትኛው እንደሚበልጥ ስጠይቀው ወረቀቱን አላየውም፤ ዓይን ዓይኔን ነው ያየኝ። የመምህርቱንም ስም ገና አላወቀውም ነበር።

የራሳችን ካውንቲ ለዚህ ጉዳይ በአገሪቱ የታወቀ ምስክር ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ትልልቅ የመኖሪያ ግንባታ የሚያካሂዱ አልሚዎች የተወሰነውን ቤት በዝቅተኛ ዋጋ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ የካውንቲው የቤቶች ኮሚሽንም ከእነዚህ ላይ እየገዛ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ያከራያል። ሔዘር ሽዋርትዝ በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በእነዚህ የመንግሥት ቤቶች በዕጣ የተመደቡ 858 ልጆችን ከ2001 እስከ 2007 ተከታተሉ። ድሃ ልጆች ጥቂት ብቻ የሆኑባቸው ትምህርት ቤቶች የደረሷቸው ልጆች፣ ካውንቲው ተጨማሪ ገንዘብ ካፈሰሰባቸው ትምህርት ቤቶች ልጆች በልጠው፣ አንደኛ ደረጃን ሲጨርሱ በሒሳብ ድሃ ካልሆኑ የካውንቲው ልጆች ጋር የነበራቸውን ልዩነት በግማሽ አጥበዋል። «ታዲያ ሰፈር መምረጡ ልክ ነው» የሚሉኝ ይኖራሉ። ልክ ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ቤተሰቦች ኪራይ የሚከፍሉት እንደ ገቢያቸው ነበር፤ የልጆቹም ብልጫ በአንድ ዓመት የታየ ሳይሆን ዓመት በዓመት ላይ ሲደመር የመጣ ነው። ባልቲሞርን ጨምሮ በአምስት ከተሞች 4,600 ያህል ቤተሰቦችን ዕጣ አስወጥቶ፣ ዕጣው ለደረሳቸው ከድሃ ሰፈር የመውጫ ዕድል የሰጠው የ1990ዎቹ ሙከራም እንዲሁ ይመሰክራል። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ 13 ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ተሻለ ሰፈር የተዛወሩት ልጆች በወጣትነታቸው ገቢያቸው ዕጣው ካልደረሳቸው በ31 በመቶ በልጧል፤ ከዚያ በኋላ የተዛወሩት ግን አልተጠቀሙም። ስለዚህ ለመዛወር የቆረጠ ወላጅ ልጁ ትንሽ ሳለ ያድርገው፤ የሚገባውም ለዓመታት ሊከፍለው ወደሚችለው ቤት ይሁን። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅን ለአንድ ዓመት ወደማይዘልቅ አፓርታማ መውሰድ በዚህ ጥናት አይደገፍም።

ቤቱ የግድ ከተለቀቀም ትምህርት ቤቱ አብሮ መለቀቅ የለበትም። ማኪኒ-ቬንቶ የተባለው የ1987 የፌዴራል ሕግ ቋሚ ቤቱን ያጣ ልጅ በነበረበት ትምህርት ቤት እንዲቀጥልና መጓጓዣ እንዲያገኝ መብት ይሰጠዋል፤ አዲስ ቦታ መመዝገብ ቢፈልግም ወረቀት አልተሟላም ተብሎ አይመለስም። ሕጉ ቤት አልባ የሚለው ጎዳና የወጣውን ብቻ አይደለም፤ ቤቱን በማጣት ወይም በችግር ምክንያት ከዘመድ ጋር የተዳበለውንም ያካትታል። ከእኛ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ውስጥ አልፏል፤ ቃሉ ስለሚያሳፍረን ግን ማንም አይጠይቅም። የዚያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናትም ይህን የሰማችው ከእኔ ነበር፤ ያን ጊዜ ጊዜው አልፎ ነበር። ካውንቲያችን በ2023 ባወጣው ሕግ ደግሞ የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ አዳዲስ ሕንፃዎችን ስለማይመለከት ከመፈረም በፊት የሕንፃውን ዕድሜ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጋዜጣችሁን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የክረምት ትምህርት ምዝገባ የሚጀምርባቸውን ቀናትና ቦታዎች ትምህርት ከመዘጋቱ ወራት አስቀድማችሁ በአማርኛ አውጡልን፤ ብዙዎቻችን የምንሰማው ቦታው ከሞላ በኋላ ነው። የተዳበሉ ቤተሰቦች በትምህርት ቤት ለማን ማመልከት እንዳለባቸውም የሕግ ባለሙያ ጠይቃችሁ አስነብቡን፤ እያንዳንዱ የትምህርት ወረዳ ለዚህ የተመደበ ሠራተኛ ሊኖረው ግድ ነው። በእኛ በኩል አዳራሹ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በሳምንት ሦስት ቀን ክፍት እንዲሆን ካህናቱን ለምነን ፈቅደውልናል፤ መጻሕፍቱን ከካውንቲው ላይብረሪ እናመጣለን፤ የቀረን የሚያስነብብ ሰው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናትና የቀድሞ መምህርት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ