የፊልም ክበብ፦ የድሮው ጁራሲክ ይበልጣል ወይስ የአሁኑ?

ዘንድሮ የፊልም ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የተከራከረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። መስከረም ላይ ልጆቹ የቅርቦቹን የጁራሲክ ወርልድ ፊልሞች እንይ አሉ። እኔ ከመጀመሪያው፣ ከ1993ቱ ጁራሲክ ፓርክ እንጀምር አልኩ። «ቲቸር፣ የድሮ ፊልም ይደብራል» አሉኝ። በመጨረሻ ሰባቱንም በተራ አይተን ለመፍረድ ተስማማን። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የስቲቨን ስፒልበርግ የመጀመሪያው ፊልም ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ዳይኖሰሮቹ የሚታዩት ግን ተደምሮ 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ቲሬክሱ (ግዙፉ ሥጋ በል ዳይኖሰር) ከመምጣቱ በፊት መኪናው ውስጥ ያለ ኩባያ ውሃ ይንቀጠቀጣል። አውሬው ገና አልታየም፤ ክፍላችን ግን ጸጥ ብሏል። ባለሙያዎቹ ያንን የሠሩት የጊታር ክር ከሥር ወጥረው በመምታት ነው። ይህን ሲሰሙ ካልሞከርን አሉ። ከሙዚቃ ክበብ የክራር ክር ተዋስን። ጠረጴዛውን በእጅ ሲደበድቡት ውሃው ዝም ብሎ ተረበሸ። ክሩን ከስስ ጣውላ ሥር ወጥረው ሲነኩት ግን ክብ በክብ እየሆነ ተዘረጋ። ጩኸታቸው ግቢውን ሞላው!

ትልቁን ቲሬክስ የፊልም አውሬዎች ሠሪው የስታን ዊንስተን ቡድን በማሽን የሚንቀሳቀስ አድርጎ ነው የሠራው። በዝናቡ ትዕይንት ቆዳው ውሃ እየመጠጠ ስለሚንቀጠቀጥ ሠራተኞቹ በፎጣ ያደርቁት ነበር። ተዋናዮቹ ፊት ለፊታቸው የቆመ ነገር ነበራቸው፤ ፍርሃታቸውም ያስታውቃል።

የ1997ቱና የ2001ዱ ብዙም አላከራከሩንም።

በ2015ቱ ጁራሲክ ወርልድ ጎብኚው ተራ ዳይኖሰር ሰልችቶታል፤ ስለዚህ ፓርኩ በላብራቶሪ አዲስ አውሬ ያዳቅላል። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ይሄ እኮ ስለ ፊልሙ ራሱ ነው የሚያወራው» አለ። የዓመቱ ምርጥ አስተያየት ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ አውሬው በበዛ ቁጥር ግርምቱ እየቀነሰ ሄዷል። የ2022ቱ የመጀመሪያውን ፊልም ተዋናዮች ሳም ኒልን፣ ላውራ ደርንንና ጄፍ ጎልድብለምን አንድ ላይ መልሶ ካመጣ በኋላ ጊዜውን ለአንበጣ ይሰጣል። እኔን አናዶኛል። ልጆቹ ግን አገራችን ላይ በ2020 የመጣውን መንጋ ስለሚያስታውሱ ወደውታል።

አዲሶቹን ሙሉ በሙሉ መጣል ግን ግፍ ነው። በ2018ቱ ፊልም መርከቡ ጥሎት የሄደ አንገተ ረጅም ዳይኖሰር ወደቡ ላይ ቆሞ በእሳተ ገሞራ ጭስ ይዋጣል። ያለቀሱ ነበሩ። በመጀመሪያው ፊልም ተመራማሪዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩት ያው ዝርያ ነው። ካሜራው አይቸኩልም፤ እንስሳውን እስክናዝንለት ድረስ ያሳየናል። የ2025ቱም ወንዝ ላይ በጀልባ የሚሸሹትን ሰዎች ቲሬክስ ሲያሳድዳቸው የሚያሳየው ትዕይንት ልብ ይሰቅላል። ሐሳቡ ከማይክል ክራይተን የ1990 ልብ ወለድ የመጣ ነው፤ በ1993 ሳይቀረጽ ቀርቶ ነበር። ለእኔ አዲሶቹ ከድሮው እኩል የሚሆኑት እንዲህ ሳይቸኩሉ መታገስ ሲችሉ ነው።

በመጨረሻው ስብሰባ ድምፅ ሰጠን። የ1993ቱ አሸነፈ። መጀመሪያ «ይደብራል» ካሉት አብዛኞቹ የመረጡት እሱን ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት የ1954ቱን የጃፓን ጎድዚላ ከ2023ቱ ጋር ለማወዳደር አቅደናል። ምዝገባው በትምህርት መክፈቻ ሰሞን ነው፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በተለይ እንድትመጡ እንፈልጋለን።