ከሰገራ ምርመራው በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የአንጀት ባክቴሪያ ከአልዛይመር (ከመርሳት በሽታ) ጋር ስላለው ግንኙነት በተጻፈ ቁጥር ነገሩ ዞሮ ዞሮ «ፕሮባዮቲክ ውሰዱ»፣ ማለትም ይጠቅማል የሚባል ሕያው ባክቴሪያ ዋጡ ወይም ጠጡ፣ ላይ ያርፋል። ግንኙነቱስ አለ፤ ምክሩ ግን ችኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ዊስኮንሲን 25 ሕሙማን ከ25 ጤነኞች ጋር ተነጻጽረው፣ በሕሙማኑ ሰገራ ውስጥ ጥሩ ከሚባሉት የአንጀት ባክቴሪያዎች አንዱ የሆነው ቢፊዶባክቴሪየም አንሶ ተገኝቷል። ነገር ግን መርሳት የጠናበት ሰው ምግብ ይዘላል፣ አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሞ ይበላል፣ ከተቀመጠበት አይነሳም፣ ሆዱ ይደርቃል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ የአንጀትን ባክቴሪያ ለመቀየር ይበቃል። ለስኳር የሚወሰደው ሜትፎርሚንና ለጨጓራ የሚታዘዘው ኦሜፕራዞልም ይቀይሩታል።

ባክቴሪያው መንስኤ ሊሆን እንደሚችል ጠንከር አድርገው የሚጠቁሙት የአይጥ ሙከራዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ የወጣውን እንይ። ታው የተባለው ፕሮቲን አንጎላቸውን እንዲጎዳ ዘረመላቸው የተቀየረ አይጦች፣ ከተወለዱ ጀምሮ አንድም ባክቴሪያ ሳይደርስባቸው ሲያድጉ የአንጎላቸው መሟሸሽ እጅግ ቀነሰ። ባክቴሪያ ከምግብ አሰር የሚያመርታቸው አጫጭር የስብ አሲዶች ሲሰጧቸው ግን ጉዳቱ ተመለሰ። የጤና አምዶች ለአንጀት ይበጃሉ እያሉ የሚያሞግሷቸው አሲዶች ናቸው እንግዲህ! «ጥሩ ባክቴሪያ፣ መጥፎ ባክቴሪያ» የሚለው ክፍፍል እዚህ ላይ ይፈርሳል። ከዚህ ተነስቶ አንቲባዮቲክ መዋጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ አንጀቱን ባዶ ሜዳ ሆኖ ሲያገኘው፣ በተለይ በአረጋውያን ላይ፣ ለሞት የሚያደርስ ተቅማጥ ያስከትላል።

ፕሮባዮቲኩም በሰው ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢራን ውስጥ 60 ሕሙማን ተመርጠው፣ ግማሾቹ ባክቴሪያ የተጨመረበት ወተት በቀን 200 ሚሊ ሊትር ለ12 ሳምንት ጠጡ፤ ከ30 በሚታረመው የማስታወስ ፈተና ወደ 2 ነጥብ ገደማ ጨመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው አገር ሕመማቸው በአብዛኛው የጠና 48 ሰዎች ላይ በካፕሱል ሲሞከር ልዩነት አልታየም። ለመሞከር የሚፈልግ ቢያንስ የዝርያውን ሙሉ ስምና የሕያው ባክቴሪያውን ብዛት ያንብብ፤ ብዛቱ በተመረተበት ቀን ሳይሆን አገልግሎቱ እስኪያበቃ ድረስ የሚጠበቅ መሆኑንም ይይ። የሰውነት መከላከያው የደከመ ወይም በትልቅ የደም ሥሩ ቱቦ የገባለት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው፤ ባክቴሪያው ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል።

መርሳት የጀመረው ሰው ሰገራውን ከማስመርመሩ በፊት ቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ ሆርሞን ይለካለት። ሜትፎርሚንና ኦሜፕራዞል ለዓመታት ሲወሰዱ ቢ12ን ያወርዳሉ፤ የቢ12 ማነስ ብቻውን ያስረሳል፤ ይህኛው ደግሞ ቶሎ ከተደረሰበት በመርፌ ወይም በክኒን ይታከማል።