እግሬን ለመለሳችሁልኝ ሁሉ

ሰላም የድሬ ልጆች። ክረምቱን ሙሉ «እግርሽ እንዴት ሆነ?» ስትሉኝ ከርማችኋል፤ ለሁላችሁም አልመለስኩም፣ ይቅርታ። ባለፈው ቅዳሜ የእግር ኳስ ጨዋታ 90 ደቂቃ ጨርሼ ወጣሁ። እሁድ ጠዋት ደግሞ ከአልጋ ወርጄ ሳላነክስ ሽንት ቤት ደረስኩ። ለእኔ ትልቁ ዜና ሁለተኛው ነው።

ላልሰማችሁ፣ የተረከዜ ጅማት ነው፤ ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው፣ አኪሊስ የሚሉት። አልተበጠሰም። አብጦ እያለ ዓመቱን ሙሉ ተጫወትኩበት። ጠዋት የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ያስለቅሳሉ፣ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኛል፣ ስለዚህ ዳንኩ ብዬ ሜዳ እገባለሁ፣ ማታ የእጄን አገኛለሁ። ያኔ የነበርኩበት ቡድን ማስታገሻ እየሰጠ ያሰልፈኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም አሰልፉኝ እያልኩ እለምን ነበር።

ውድድሩ ሰኔ ላይ ሲዘጋ ያሰብኩት መተኛት ብቻ ነው። ሐረር ያለው ፊዚዮቴራፒስቴ ግን (ዶክተር ስለው «ዶክተር አይደለሁም» ይለኛል፣ አልተውኩም) እንቅልፌን ነሳኝ። «ዝም ብለሽ ከተኛሽ ህመሙ ይተውሻል፣ ጅማቱ ግን እንደደከመ ነው፤ ልምምድ በጀመርሽ በሳምንቱ ተመልሰሽ ትመጫለሽ» አለኝ። ጅማት እንደ ጡንቻ ደም አይደርሰውም፣ ቶሎ አይድንም፤ የሚጠነክረው ጭነቱን ቀስ በቀስ ሲለምድ ነው። ዶክተር፣ ይህን ለአንዲት ግትር ልጅ ስንቴ እንደደጋገምክ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ያዘዘልኝ እንቅስቃሴ ሲያዩት ቀልድ ይመስላል። ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶችህ ቆመህ በሁለቱም እግር ትነሳለህ፣ ከዚያ በታመመው ብቻ ተረከዝህን ከደረጃው በታች ቀስ ብለህ ታወርዳለህ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ቀጥ ብሎ። ጉልበት አጠፍ አድርጎ ደግሞ ያንኑ ያህል። ጠዋትና ማታ። በቀን 180 ማለት ነው፣ ለ12 ሳምንት። ህመሙ ከ10 ነጥብ 5ን ካላለፈ ቀጥይ፣ በማግስቱ ጠዋት ከባሰ ቀንሺ፤ ሕጉ ይኸው ነው።

እኛ ቤት ደረጃ የለም። ከዚራ ሰፈር ፊት ለፊታችን የሚኖሩት የምድር ባቡር ጡረተኛ አባባ ግን የድንጋይ ደረጃ አላቸው። ሙቀቱ ሳይመጣ ብዬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ስሄድ በሩ ተከፍቶ፣ ሬዲዮኑ እየጮኸ ይጠብቀኛል። አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። «ይህቺ ልጅ መውረድ እንጂ መውጣት አልሆነላትም» ማለትዎንም ሰምቻለሁ።

ማታ ቆጣሪዋ እማዬ ናት። 15 ጥሬ ቡና በሲኒ ይዛ ትቀመጥና፣ ተረከዜ ወርዶ በተነሳ ቁጥር አንዷን ፍሬ ወደ ሌላው ሲኒ ታዛውራለች። ካጭበረበርኩ ፍሬዋን ወደ ቦታዋ ትመልሳለች! በኋላ ክብደት ጨምሪ ስባል የጀርባ ቦርሳዬ ውስጥ 5 ኪሎ ስኳሯን አስገባችልኝ፤ ስኳር እንደዚህ በተወደደበት ጊዜ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ግን አበላሸሁት። ደህና ነኝ ብዬ ደቻቱ ደረቅ ወንዝ ወርጄ ከሰፈር ልጆች ጋር አሸዋው ላይ ሮጥኩ። አሸዋ ይለሰልሳል ብዬ ነው እኮ! ተረከዝ ሲሰምጥበት ጅማቱ ይለጠጣል፣ የፈራሁት ሁሉ ተመልሶ መጣ። ደብቄው ነበር። ለዶክተር ደውላ የነገረችብኝ ጓደኛዬ ናት፣ ሁለት ቀን አኩርፌያታለሁ። የኔ ቆንጆ፣ ያኔ ያልኩሽን ሁሉ ተይው፣ ባትናገሪ ኖሮ ይሄኔ ክራንች ላይ ነበርኩ።

የሐረር ሚኒባስ ረዳቱንም አልረሳውም። በየሁለት ሳምንቱ እግሬን ዘርግቼ እንድሄድ የፊቱን ወንበር ይይዝልኛል፣ ደንገጎ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ስጨነቅ ደግሞ «አብሽሪ አቦ!» ይለኛል። አሁን ላለሁበት ቡድን አሰልጣኝም ምስጋናዬ ይድረስ። መስከረም ላይ ቅድመ ዝግጅት ሲጀመር ሳይቆጣ፣ ሳይቸኩል እስከ ጥቅምት ጠበቀኝ።

እማዬ፣ ስኳሩን መልሻለሁ። ግማሽ ኪሎ ይጎድላል። እሱን ከአባባ ጋር ሻይ ጠጥተንበታል።