የሚያውቁት ሰዎች ሳያልፉ፦ ለገጠር መቃብሮች ምዝገባ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተወደዳችሁ የድሬዳዋና የሐረር ወገኖቼ፣

የቅድመ አያቴን መቃብር ያገኘሁት ከደንገጎ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከጫት ማሳ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ነው። አባቴ የነገረኝ ምልክት «ከቤተልሔሙ በታች፣ ከትልቁ ወይራ ሥር» የሚል ነበር። ወይራው ተቆርጧል፤ ቤተልሔሙም፣ የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት፣ በሌላ ቦታ በብሎኬት ተሠርቷል። ሦስት ጊዜ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በአራተኛው የቅጥሩ ጎረቤት የሆኑ አንድ አዛውንት ሙስሊም ገበሬ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። መቃብሩ የተከበበባቸውን ድንጋዮች በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ያመላለሱት እሳቸው ነበሩ።

እኒህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት አርፈው ቢሆን ኖሮ አላገኘውም ነበር። ይህን ጥሪ ያስጻፈኝም ይኸው ሐሳብ ነው።

አብዛኛው የድሬዳዋ ሰው ሥሩ ሌላ ቦታ ነው። ከተማዋ የቆመችው በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ ነው፤ ሐዲድ ሊዘረጋ፣ ጭነት ሊያወርድ፣ ሊነግድ የመጣው ሁሉ ወላጆቹን በየገጠሩ ትቶ ነው የመጣው። በቤት የነበረውን ወረቀትና ፎቶግራፍ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈው የደቻቱ ጎርፍ ከስንቱ ቤት ጠርጎታል። ለእነዚህ ቤተሰቦች የቀረው ማስረጃ ድንጋዩ ነው። ድንጋዩም በየዓመቱ ለእርከንና ለአጥር ይነሣል። ማንም በክፋት አያደርገውም፤ ስም የሌለው የድንጋይ ክምር መቃብር መሆኑን የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው።

ስም የተጻፈበትም ቢሆን አይቀልም። በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ በሚስማር የተጫረ ጽሑፍ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር ከሆነ አንዲት ጭረት ስትጠፋ ፮ና ፯ መለየት ያስቸግራል። ከዚህ የሚብሰው የስሙ ነገር ነው። ዕድሜ ልኩን በዓለም ስሙ ሲጠራ የኖረ ሰው መቃብሩ ላይ ወልደ ሚካኤል ወይም ገብረ ማርያም ሊሆን ይችላል፤ የክርስትና ስሙን የማያውቁ የልጅ ልጆቹ ቆመው አንብበውት ያልፋሉ። የአቀማመጡ አቅጣጫም አያዋጣም። ክርስቲያኑ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ይቀበራል፤ ሙስሊሙ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ መካ ያዞራል። መካ ከእኛ አገር በስተሰሜን ስለሆነች የሁለቱም መቃብር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ይታያል። ለይቶ የሚነግረን በቀብሩ ላይ የቆመ ወይም ከቆመ የሰማ ሰው ብቻ ነው።

አሁን አሥራ አንድ ቤተሰቦች ተባብረናል። ሣሩ ደርቆ መሬቱ በሚታይበት ጊዜ፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ አዛውንቶችን ይዘን በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያንና በየሙስሊሙ መካነ መቃብር እንዞራለን። ጽሑፍን በሽቦ ብሩሽ አንነካም፤ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ አጥበን፣ የማለዳ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ፎቶግራፍ እናነሣለን። በሙስሊም መቃብር ላይ ቤተሰቡ ካልፈቀደ ምንም ምልክት አናቆምም፤ ቦታውንና የነገሩንን ብቻ እንጽፋለን። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይታተማል፤ አንዱ እዚያው በቦታው ይቀመጣል።

ለዚህ 180,000 ብር ያስፈልገናል። ትልቁ ወጪ የሚኒባስ ኪራይና ነዳጅ ነው። ቀጥሎ የአዛውንቶቹ ምሳና የቀን ሥራ ማካካሻ ይመጣል፤ በዚህ ላይ መቆጠብ አንፈልግም፣ እውቀቱ የእነሱ ነውና። የቀረው ለአንድ ካሜራ፣ ለኅትመትና የተናዱ ክቦችን መልሶ ለመካብ ነው። ገንዘቡ በዕድራችን የባንክ ሒሳብ ይገባል፤ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚራ በሚገኘው የዕድሩ አዳራሽ ደረሰኝ እንቆርጣለን። አሥር ብርም ቢሆን በደስታ እንቀበላለን።

ገንዘብ የሌላችሁ ደግሞ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ዛሬ ማታ ጠይቁልን፦ ማን የት ተቀበረ? የክርስትና ስሙ ማን ነበር? አጠገቡ ምን ነበር? መልሱን ጽፋችሁ አምጡልን። መሄድ የሚችሉ ከሆነም ለአንድ ቀን አብረውን ይምጡ፤ ከፊት ወንበር እናስቀምጣቸዋለን።

እኒያ አዛውንት ገበሬ በዚያው ቅጥር ውስጥ ሌሎች አምስት መቃብሮች አሳይተውኛል። የማን እንደሆኑ እስካሁን የጠየቃቸው የለም። የመጀመሪያው ጉዞ ወደዚያ ነው፤ መኪናው በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከለገሀር ይነሣል።