ቁጥሩ ረጋ፣ እንቁላሉ ግን ቀዘቀዘ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፍላችሁ ከቢሾፍቱ ነው። በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ነው የኖርኩት።

ወጣቶች በአርዱይኖ፣ በኮድ በምትታዘዘው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ስለሚሠሯቸው ነገሮች የምታወጡትን ገጽ ሳላነብ አላልፍም። የመስኖ መቆጣጠሪያው፣ የጋዝ ማስጠንቀቂያው፣ የጫጩት መፈልፈያው፣ ሁሉም ያስደስተኛል። ፎቶው ላይ ሁልጊዜ አንድ ትንሽ ስክሪን አለ፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር እውነት ይሁን አይሁን ሲጠየቅ ግን አላነበብኩም። እኔም አልጠየቅኩም ነበር። ባለመጠየቄ አክስቴን አከሰርኳት። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

አክስቴ ዶሮ ታረባለች። የፈረንጅ ዶሮዎቿ እንቁላል ይጥላሉ እንጂ መታቀፍ አያውቁም። ስለዚህ ከተበላሸ ፍሪጅ ቀፎ መፈልፈያ ሠራሁላት። አራት ባለ 40 ዋት አምፖል፣ አንድ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ፣ አንድ አርዱይኖ፣ ሙቀት የሚለካ ኤልኤም 35 ሴንሰር። 48 እንቁላል አስገባን። የዶሮ እንቁላል 37.5 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ 21 ቀን ይፈልጋል።

ገና ከጅምሩ ቁጥሩ አልረጋም አለ። 36.6፣ 38.1፣ 37.1፣ 38.6። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይዘላል። አምፖሎቹን የሚያበራውና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ ሪሌዩም፣ አብሮት ቀጭ ቀጭ ይላል። ኖይዝ፣ ማለትም ንባቡን የሚያዛባ ረብሻ፣ ነው አልኩና ሁላችንም የምናደርገውን አደረግሁ። ኮዱ ውስጥ ገብቼ 50 ጊዜ እንዲለካና አማካዩን እንዲያወጣ አዘዝኩት። ቁጥሩ ወዲያው ረጋ። 37.5። ለተማሪዎቼ ሳይቀር በስልኬ ቀርጬ አሳየሁ።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ደወለች። «አንተ ልጅ፣ እንቁላሉ እጄ ላይ ቀዘቀዘኝ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ቁጥሩን ተመልከቺው፣ 37.5 ነው የሚለው» አልኳት።

«ቁጥሩንማ አየሁት። እኔ የምልህ እንቁላሉን ነው።»

አላመንኳትም። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ እንቁላል የጨበጠች ሴት ናት፣ እኔ ደግሞ ስክሪኑን አመንኩ። 21ኛው ቀን አለፈ። በ24ኛው ቀን 9 ጫጩት ወጣ። የቀሩትን ስንሰብራቸው ብዙዎቹ ውስጥ ላባ ያወጣ ጫጩት ነበር። አክስቴ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ቅርፊቱን ጠርጋ ሻይ አፈላችልኝ።

በማግስቱ ከኮሌጁ ላብራቶሪ የብርጭቆ ቴርሞሜትር ተውሼ ከሴንሰሩ ጎን አስቀመጥኩ። ስክሪኑ 37.5 ይላል። ብርጭቆው 35.4። ቮልት የምለካበትን መልቲሜትሬን አወጣሁ። አንዱን ጫፍ የሴንሰሩ ግራውንድ (ከረንቱ የሚመለስበት፣ እንደ ዜሮ የሚቆጠረው መስመር) እግር ላይ፣ ሌላውን የአርዱይኖው ግራውንድ ላይ አደረግሁ። ሁለቱም ግራውንድ ናቸው፣ ስለዚህ ዜሮ ማንበብ አለበት። 21 ሚሊቮልት አነበበ። ኤልኤም 35 ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ነው የሚሰጠው። 21 ሚሊቮልት ማለት 2.1 ዲግሪ ነው። የጎደለው ሙቀት እዚያች ሽቦ ላይ ተገኘ።

ምን ሆኖ ነው? ማራገቢያው 200 ሚሊአምፔር ያህል ይስባል። ያ ከረንት ወደ አዳፕተሩ ሲመለስ ሴንሰሩም በሚጠቀምባት በአንዲት ቀጭን ማገናኛ ሽቦ፣ በጁምፐር፣ በኩል ያልፋል። የጁምፐሯና ሽቦዎቹ የሚሰኩበት ሰሌዳ፣ የብሬድቦርዱ፣ ንክኪ ተደምሮ አንድ አስረኛ ኦም ገደማ ቢሆን ነው። ከቁም ነገር አይገባም ትላላችሁ። ግን 200 ሚሊአምፔር በ0.1 ኦም ሲያልፍ 20 ሚሊቮልት ይፈጥራል። የሴንሰሩ ግራውንድ በዚያ ልክ ከፍ ይላል፣ አርዱይኖውም ያንን እንደ ሙቀት ይቆጥረዋል። ለማረጋገጥ የማራገቢያውን ሽቦ ነቀልኩ። ቁጥሩ በዓይን ጥቅሻ ሁለት ዲግሪ ወረደ። የፍሪጅ ቀፎ ሙሉ አየር እንዲህ በቅጽበት አይቀዘቅዝም።

እስካሁን የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ማራገቢያው ከረንቱን የሚስበው ምት ምት እያደረገ ነው። ቁጥሩም የሚዘለው በአብዛኛው ለዚያ ነበር። ያ መዝለል ሽቦው ላይ ስህተት እንዳለ እየነገረኝ ነበር። እኔ አማካይ አውጥቼ አፉን ዘጋሁት። አማካይ መዝለሉን ያጠፋል እንጂ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለውን አያቃናም። ሁለቱ ዲግሪ እዚያው ቀረ።

ከዚያ አማካዩን ከኮዱ አወጣሁና ከሽቦው ጀመርኩ። የማራገቢያውን ግራውንድ በራሱ ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ወደ አዳፕተሩ ወሰድኩት። ለሴንሰሩ የብቻው ግራውንድ ሰጠሁት። ኮዱን ዳግም ሳልነካ መዝለሉ ከግማሽ በላይ ጠፋ። የሴንሰሩን ሽቦዎች እርስ በርስ ገመድኳቸው፣ ከአምፖሉ የ220 ቮልት መስመርም አራቅኳቸው። ሴንሰሩ እግር ሥር ከፖዘቲቭ ወደ ግራውንድ የቮልቱን መዋዠቅ የሚያለሰልስ አንድ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በየድኩ። በመውጫው በኩል ደግሞ 2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ቀጥሎ ወደ ግራውንድ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር። ሬዚስተሩ መቅደም አለበት። ካፓሲተሩ በቀጥታ መውጫው ላይ ከተቀመጠ ኤልኤም 35 ራሱ መወዛወዝ ሊጀምር ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። አርዱይኖ ኡኖ በ5 ቮልት ሲለካ 1024 ደረጃ ነው ያለው። አንዱ ደረጃ ወደ 4.9 ሚሊቮልት ነው፣ በዚህ ሴንሰር ግማሽ ዲግሪ ማለት ነው። ውስጡ ያለውን የ1.1 ቮልት ማነጻጸሪያ እንዲጠቀም ሲታዘዝ ግን አንዱ ደረጃ አንድ አስረኛ ዲግሪ ይሆናል። በዚያ ላይ የ5 ቮልቱ መስመር ከፍ ዝቅ ሲል ቁጥሩ አብሮ አይዋዥቅም።

አማካዩን የመለስኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሱንም አስተካከልኩት። የመብራታችን ሞገድ 50 ኸርዝ ነው፣ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የድሮው ኮዴ 50ውን ንባብ በ5 ሚሊሰከንድ ገደማ ጨርሶ የሞገዱን ሩብ ብቻ ነበር የሚያየው። አሁን 40 ንባብ በየግማሽ ሚሊሰከንዱ ይወስዳል። ሙሉ ዙር ስለሚሸፍን ከመስመሩ የሚገባው ሞገድ ወደ ላይና ወደ ታች እየተጣፋ ይጠፋል። ሪሌዩ ሲነሳና ሲወድቅ ለሚመጣው ድንገተኛ ዝላይ ደግሞ እንዲህ ያሉ አምስት ውጤቶችን በተራ ደርድሮ መካከለኛውን ይይዛል።

ይኼ የእንቁላል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ለጋዝ ማስጠንቀቂያ የሚጠቀሙበት ኤምኪው 2 ሴንሰር ውስጡ ማሞቂያ አለው። ማሞቂያው ብቻውን 150 ሚሊአምፔር አካባቢ ይስባል። እሱና ሌሎች ሴንሰሮች በአንድ ቀጭን ግራውንድ ሲመለሱ የእኔው ታሪክ ይደገማል። እዚያ ላይ ስህተቱ የሚጎዳው የሰው ቤት ነው።

ስለዚህ አዘጋጆች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሪፖርተሮቻችሁ ወጣቶቹን ሲያነጋግሩ «ይህን ቁጥር በምን አመሳከርከው?» ብለው ይጠይቁልን። መልሱንም አብራችሁ አትሙት። የሙያ ባልደረቦቼን ደግሞ፣ ተማሪው ስለ አማካይ ኮድ ከመማሩ በፊት መልቲሜትር ይዞ ሁለት ግራውንድ መካከል ይለካ እላለሁ። እኔ ዘንድሮ የመጀመሪያውን ሳምንት ለዚያ ሰጥቼዋለሁ።

አክስቴ ሁለተኛ ዙር እንድንሞክር ስትፈቅድልኝ አፈርኩ። እንደገና 48 አስገባን፣ በ21ኛው ቀን 35 ወጣ። የብርጭቆ ቴርሞሜትር የራሷን ገዝታ ከሴንሰሩ ጎን ሰቅላለች። ጠዋትና ማታ ሁለቱን ታይና ደብተር ላይ ትጽፋለች። ጽፋም እንደጨረሰች አንድ እንቁላል አንስታ በእጇ ትይዘዋለች።

አክባሪያችሁ፣
የኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ፣ ከቢሾፍቱ