ለልጄ፦ ከመጽሐፍ ወዳጆችሽ ጋር ስትቀመጪ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ስለ መጽሐፍ ልትጨዋወቱ ተቀጣጥራችሁ ስትገናኙ ወሬው ወደ ልጅ፣ ወደ አለቃ፣ ወደ ቤት ጣጣ እየዞረ መጽሐፉ ሳይነሳ እንደምትለያዩ ጽፈሽልኛል። አንዳንዶቹም «ወሬ ከሆነ ለምን መጣን?» ማለት ጀምረዋል፤ አንቺም የኑሮውን ጨዋታ ለመከልከል አስበሻል። እኔ ግን አትከልክዪው ባይ ነኝ። ቦታ ስጪው እንጂ አታስወጪው።

ሰው የሆድ የሆዱን ሳይተነፍስ ስለ መጽሐፍ ማውራት ይከብደዋል። ሁለት ሰዓት የምትቀመጡ ከሆነ የመጀመሪያውን 25 ደቂቃ ለኑሮው ተዉለት። ልጇ ታሞባት ያደረች ሴት ወይም ከአለቃው ተጋጭቶ የመጣ ሰው ይህን ሳይናገር ቢቀመጥ፣ ዓይኑ ገጹ ላይ ቢሆንም ልቡ እዚያ የለም። ጨዋታውን ወደ መጨረሻ ብታሸጋግሪው ደግሞ እስከዚያ አይቆይም፤ በውይይቱ መሃል ሰብሮ ይገባና መመለሻ ያጣል።

ችግሩ 25ቱ ደቂቃ ሲያልቅ ነው። ሰዓቱን አይቶ «በሉ ወደ ቁም ነገሩ» የሚል ሰው አታስቀምጡ፤ ሲናገር የነበረው ሰው የእሱ ጉዳይ ቁም ነገር አይደለም እንደተባለ ይቆጥረዋል። ከዚያ ይልቅ አስቀድማችሁ ለአንዱ ንገሩትና ጊዜው ሲደርስ መጽሐፉን ገልጦ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ማንም «በቃ» ሳይባል ሁሉም ጆሮውን ይሰጣል። የሚነበበው የመጀመሪያው ገጽ ባይሆን ይሻላል። ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን ወይም አንድ ከባድ ውሳኔ የሚወሰንበትን ገጽ ምረጡ፤ ረጅም የአገር ገለጻ ለዚህ አይሆንም፣ ያፈዛል። ከዚያ በኋላ 75 ደቂቃ ለመጽሐፉ፣ የቀረው 20 ደቂቃ ለሚቀጥለው ምርጫና ለመሰነባበቻ ይበቃችኋል።

መጽሐፉ ከተነሳ በኋላም ኑሮ መግባቱ አይቀርም። «ይህማ የእኔ ታሪክ ነው» የሚል ሰው ይኖራል፤ መጽሐፍ የሚነበበውም አንዱ ለዚህ ነውና ይናገር። ሲጨርስ «ይህን ያስታወሰህ የቱ ቦታ ነው? እስቲ አንብብልን» ብለሽ ጠይቂው። ይህች ጥያቄ ታሪኩን ሳትንቅ ወደ ገጹ ትመልሰዋለች። ድምፁ ከተሰበረ ወይም እንባ ከመጣ ግን አትጠይቂው፤ መጽሐፉ ይጠብቃል። ከእንባው ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ የምክሩ ጎርፍ ነው። አንዷ ስለ ትዳሯ አንድ ነገር ስትል አምስት ሰው ተራ በተራ መምከር ከጀመረ ያ ምሽት አለቀ፤ እሷም ሁለተኛ አፏን አትከፍትም። «ምን ላድርግ?» ብሎ ላልጠየቀ ሰው ምክር አይሰጥ በሉ። የሰማችሁትን የሰው ገመና ደግሞ ለትዳር ጓደኛም ቢሆን አታውሩ። ይህን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተነጋገሩበት፤ ነገር ከሾለከ በኋላ የሚወጣ ደንብ አንድን ሰው ለመውቀስ የወጣ ይመስላል።

ስለ ብዛታችሁም ልንገርሽ። ሮቢን ደንባር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ እንደ ልብ የሚጨዋወቱ ሰዎች አንድን ወሬ አብረው የሚይዙት እስከ አራት ገደማ ሲሆኑ መሆኑን፣ ከዚያ ሲበዙ ጨዋታው ለሁለት እንደሚከፈል ታዝበዋል። ስለዚህ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ሁለት ሰዎች ለብቻቸው ማውራት ቢጀምሩ ስድ ሆነው አይደለም፤ በዝታችኋል ማለት ነው። አባላቱ ከስድስት እስከ ስምንት ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ሰው ይቀራልና። ስምንታችሁም የመጣችሁ ዕለት መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት አራት አራት ሆናችሁ ተወያዩና ከዚያ ተቀላቀሉ። ዝምተኞቹ በትንሹ ክብ ውስጥ ከተናገሩ በትልቁም አያፍሩም።

አዲስ ሰው ሲመጣ «ከሁሉ የምትወደው መጽሐፍ የቱ ነው?» ብላችሁ አትቀበሉት። ፈተና ይሆንበታል፤ የሚወደውን ትቶ የሚያስከብረውን ይጠራል። ሁለት ጊዜ ያነበበው መጽሐፍ እንዳለ፣ ጀምሮ የተወው የትኛው እንደሆነና የቱ ቦታ ላይ እንዳቆመው፣ ለሰው አውሶ ሳይመለስለት ያንገበገበው የቱ እንደሆነ ጠይቁት። የተወውን መጽሐፍ ሲያወራ እንዲያውም ይበልጥ እውነቱን ይናገራል። እግረ መንገዴን ላንቺም፦ ተራሽ ሲደርስ ከሁሉ የምትወጂውን መጽሐፍ ይዘሽ አትቅረቢ። ቢነቅፉት አንቺን የነቀፉ ይመስልሻል፤ እነሱም ፊትሽን እያዩ በይሉኝታ ያሞግሱታል፣ ጨዋታውም ይሞታል። በሁለተኛና በሦስተኛ ደረጃ የምትወጂውን አምጪ፤ እሱን እየነቀፉ ቢጥሉት እንኳ እንቅልፍ አይነሳሽም።

ምርጫውን በድምፅ ብዛት ባታደርጉት ይሻላል። ድምፅ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ማንም የማይጠላው፣ ማንም ደግሞ እምብዛም የማይጓጓለት መጽሐፍ ነው፤ ለየት ያለ ምርጫ ያላቸው ሰዎችም ተራ ሳያገኙ ይሰለቻሉ። በተራ ይሁን፤ ባለተራው ሁለት ወይም ሦስት መጽሐፍ ያቅርብና ከእነዚያ መሃል ምረጡ። ከማቅረቡ በፊት ግን መጽሐፉ ለሁሉም የሚበቃ ቅጂ መገኘቱን ያጣራ፤ በአንድ ቅጂ ስድስት ሰው ሲቀባበል የመጨረሻው ሰው ሳያነብ ይመጣል። ርዝመቱን ደግሞ በሂሳብ እዩት። 300 ገጽ በአራት ሳምንት ሲባል በቀን 11 ገጽ ገደማ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ28ቱ ቀን ስምንቱን ድካምና እንግዳ ይበላዋል። በቀሪው 20 ቀን ሲካፈል በቀን 15 ገጽ ነው። 500 ገጽ ከሆነ ግን 25 ይደርሳልና ለሁለት ቀጠሮ ክፈሉት፤ የሚከፈልበትንም ምዕራፍ አስቀድማችሁ ተስማሙበት። ኅትመቱ ከተለያየ የገጽ ቁጥር አይገጥምም፤ «ገጽ 112 ላይ» ሲባል ግማሹ ሰው ሲያገላብጥ ጊዜ ይሄዳል። ምዕራፉንና አንቀጹ የሚጀምርበትን ሁለት ሦስት ቃል ጥቀሱ።

ለጨዋታ ማንበብ ለራስ ከማንበብ ትንሽ ይለያል። እርሳስ ያዢ፤ የተዋስሽው መጽሐፍ ከሆነ ቁራጭ ወረቀት ጣል አድርጊበት። ያልገባሽ ላይ የጥያቄ ምልክት፣ ያላመንሽው ላይ መስቀል፣ ደስ ያለሽ ላይ መስመር ይበቃል። ያላመንሽበት ቦታ ብዙ ጊዜ ጥሩውን ክርክር ይወልዳል። መጽሐፉን የጨረስሽ ዕለት ሳታድሪ አምስት መስመር ጻፊ፤ ማን ምን እንዳደረገ ሳይሆን ምን እንደተሰማሽና የት ላይ እንደተለወጠብሽ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው መርሳት የሚፈጥነው መጀመሪያ ላይ ነው። የእሱ ፈተና ትርጉም በሌላቸው የቃል ቁርጥራጮች ነበርና ታሪክ እንደዚያ ቶሎ አይጠፋም፤ ሆኖም ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚቀርሽ «ጥሩ ነበር» ብቻ እንዳይሆን ጻፊው። ወደ ቀጠሮው ስትሄጂ ካሰመርሽበት ሁሉ ሦስት ቦታ ብቻ ምረጪ።

«ወደዳችሁት?» የሚል ጥያቄ በአዎና በአይ ያልቃል። «እሱ ባይመለስ ኖሮ እሷ ትጠብቀው ነበር?»፣ «ደራሲው የደበቀብን ነገር አለ?»፣ «ይህ ምዕራፍ ቢወጣ ምን ይጎድላል?» ዓይነት ጥያቄ አዘጋጂ፤ አራት አምስት ካለሽ ምሽቱን ይይዝልሻል። ጠይቀሽ ደግሞ ዝም በዪ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራንን ስታጠና፣ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው፤ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ። ለናንተ ደግሞ አምስት እስከ አስር ሰከንድ ይሁን። ይረዝምብሻል፤ ቻይው።

ንግግር የሚያበዛ ሰው መቼም አይጠፋም። ፊት ለፊትሽ ሳይሆን አጠገብሽ አስቀምጪው፤ ዓይን ለዓይን ካልተያያችሁ ንግግሩ ያጥራል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1727 ፊላደልፊያ ውስጥ ጁንቶ የሚባል፣ ዓርብ ዓርብ ማታ የሚሰበሰብ የወዳጆች የውይይት ክበብ አቋቁሞ ነበር። «ነገሩ ይኸው ነው» ብሎ ማጥበቅና የሌላውን ቃል በቀጥታ ማፍረስ እዚያ ተከልክሎ፣ ይህን ያደረገ ጥቂት ገንዘብ ይቀጣ እንደነበር በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። እናንተ ገንዘብ አትቅጡ፤ ያጠበቀ ሰው ማስረጃውን ከመጽሐፉ ፈልጎ ያንብብ በሉ። እኩሌታው ሲፈልግ ይለዝባል።

ሳያነብ የሚመጣስ? ይምጣ። በእሱ ምክንያት መጨረሻውን አትደብቁ እንጂ። እንዲያውም ሌቪትና ክሪስተንፌልድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ የታሪኩ መጨረሻ አስቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች አጫጭር ልብወለዶቹን ይበልጥ ወደዋቸው ተገኝተዋል። ይህ ለመናገር ፈቃድ ነው አልልም። በቀጠሮው ቀን ሁሉ ነገር ክፍት ይሁን፤ ከዚያ በፊት ግን በስልክ የምትጻጻፉበት ቡድን ውስጥ የመልእክቱ ራስ ላይ «እስከ ምዕራፍ 7» ብላችሁ ጻፉ። ቴሌግራም ከሆነ ጽሑፉን ሸፍኖ መላክ ይቻላል፤ የፈለገ ነክቶ ይገልጠዋል። የድምፅ መልእክት ከአንድ ደቂቃ አይለፍ፤ ከዚያ የረዘመውን የሚሰማው ላኪው ብቻ ነው።

ስለ መዋዋስ ያነሳሽውም ትክክል ነው። የጁንቶ ሰዎችም መጽሐፎቻቸውን አንድ ቦታ ሰብስበው ነበር፤ የሚንከባከባቸው ባለመኖሩ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ፍራንክሊን ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1731፣ አባላት እየከፈሉ የሚዋሱበትን ቤተ መጻሕፍት አቋቋመ። እናንተ ክምችት አትጀምሩ። አንድ ደብተር ይኑራችሁ፦ የመጽሐፉ ስም፣ ባለቤቱ፣ የወሰደው፣ የወሰደበት ቀን፣ የሚመልስበት ቀን። በየቀጠሮው ማብቂያ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ያኔ ማንም በግል «መጽሐፌን መልስ» ብሎ አይጨቃጨቅም። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀንም ሳትነሱ ያንኑ ደብተር ላይ ጻፉ። «እንደዋወላለን» ተባብሎ የተለያየ ቡድን ሁለት ወር ሳይገናኝ ይቀራል።

አባትሽ